«ድገሙኝ» የሚል እጩ መዝገብ አለው፦ ከሚኒያፖሊስ ስድስተኛ ወረዳ የምንማረው



መድረሳ የተማርን ሰዎች ስለ ሥልጣን መጀመሪያ የሚነገረን ጥንቃቄ ነው። ሹመት አማና ነው፤ በቂያማ ቀን ያስጠይቃል፤ እየሮጠ መጥቶ «ሹሙኝ» የሚልን ሰው መሾም አይወደድም። ኡስታዞቻችን ይህንን በሐዲስ እያስረዱ አሳድገውናል። ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ በሥነ ዜጋ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ሰው እናገኛለን። ፎቶውን በየግንቡ ለጥፎ «ምረጡኝ» የሚል እጩ ነው። አንዳንዱማ አንዴ ተመርጦ አይበቃውም፣ «አሁንም ድገሙኝ» ይላል። ሁለቱን ትምህርት እንዴት እናስታርቃቸው?

ማስታረቂያው እዚያው መድረሳ ውስጥ አለ። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የምስር ግምጃ ቤት ኃላፊነት እንዲሰጣቸው ራሳቸው ጠይቀዋል። ዑለሞች ሁለቱን ሲያገናኙ፣ የተጠላው ለክብርና ለጥቅም ብሎ ሥልጣንን ማሳደድ ነው ይላሉ፤ ችሎታው ያለውና ሌላ ሰው ቢይዘው የሕዝብ ሐቅ ይጠፋል ብሎ የሰጋ ሰው ግን ቢጠይቅ አያስነውርም። ልብን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ ማየት የምንችለው ሥራን ነው። ለድጋሚ ምርጫ የሚቀርብ ሰው ከአዲስ እጩ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ የሚያሳየን ተስፋ ብቻ ነው፣ የቀድሞው ግን መዝገብ አለው።

በዚህ እትም አንድ መዝገብ አብረን እንመልከት ብለናል። የመረጥነው ከሩቅ አገር ነው፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑት የአቶ ጀማል ዑስማን መዝገብ። ሩቅ ይሁን እንጂ ባዕድ አይደለም። ሚኒሶታ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ሶማሌ የሚኖርባት ናት፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ኦሮሞዎችና ሌሎች ወገኖቻችንም በብዛት አሉባት። ከእኛ መካከል እዚያ አጎት ወይም አክስት የሌለው ጥቂት ነው። ሌላው ምክንያታችን ደግሞ ቁጥሩ ነው። ምክር ቤቱ 13 ወንበር ብቻ ስላለው የአንድ ሰው ድምፅ ምን እንደሚሠራ እንደ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ቁጭ ብሎ መከታተል ይቻላል። (የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ይህንን ስንወድ አትፍረዱብን።)

መጀመሪያ ወንበሩን እንወቅ። ሚኒያፖሊስ በ13 ወረዳ ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሰው ይመርጣል። ስድስተኛው ወረዳ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለውን ሠፈር ይዟል። ሪቨርሳይድ ፕላዛ የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ረጃጅም ፎቆች የሚገኙት እዚያ ነው። በ1970ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ይኖሩባቸዋል። በ2012 የወረዳዎቹ ድንበር እንደገና ሲሰመር የሶማሌው ማኅበረሰብ ድምፅ በዚህ ወረዳ ውስጥ ተሰባሰበ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ምርጫ አቶ አብዲ ዋርሳሜ በወንበሩ ላይ ለዓመታት የቆዩትን ሰው አሸንፈው በሚኒያፖሊስ ምክር ቤት የመጀመሪያው ሶማሌ አሜሪካዊ ሆኑ። በ2017 ለድጋሚ ሲቀርቡ ዋናው ተፎካካሪያቸው ሌላ ሶማሌ ነበሩ። ያኔ «ወገናችን ነው» ማለት ለመራጩ ምንም የሚፈታለት ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖቹ ነበሩ። አቶ አብዲ በ2020 ለሌላ ኃላፊነት ሲለቁ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ በተደረገ የማሟያ ምርጫ አቶ ጀማል ተመረጡ። እሳቸውም ከሶማሊያ በስደት የመጡ ናቸው።

ስለ አመራረጡ አንድ ነገር እናንሳ። በሚኒያፖሊስ መራጩ አንድ ስም ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ አይሄድም፤ እስከ ሦስት እጩ ድረስ በቅደም ተከተል ይመርጣል። በመጀመሪያው ቆጠራ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ፣ ማሸነፍ የማይችሉት ዝቅተኛ እጩዎች ይወጡና የመረጧቸው ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። የጀመዓ አሚር ስንመርጥ አምስት እጩ ቀርቦ ድምፁ ተበታትኖ፣ አብዛኛው ያልፈለገው ሰው በትንሽ ብልጫ ሲያልፍ ስንቴ አይተናል? ይህ አሠራር ለዚያ ችግር የተዘጋጀ ነው። እጩውንም ጠባይ ያስይዘዋል፤ የተፎካካሪውን ደጋፊዎች ቢሰድብ ሁለተኛ ምርጫቸው መሆን አይችልማ።

ወደ መዝገቡ እንግባ። ብዙ ሙስሊም ስለ ሚኒያፖሊስ ሰምቶ የሚያውቀው አዛኑን ነው።

በ2020 ረመዷን ኮሮና መስጂዶችን ሲዘጋ በሴዳር ሪቨርሳይድ የሚገኘው ዳር አል ሂጅራ መስጂድ ከከተማው ፈቃድ አግኝቶ በቀን አምስት ጊዜ አዛን በድምፅ ማጉያ ማሰማት ጀመረ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ አዛን ሰማ። ያ ፈቃድ ግን የረመዷን ፈቃድ ነበር። በ2022 ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አዛን ማሰማት እንደሚቻል ወሰነ። እዚህ ላይ ብዙው ሰው ነገሩ ያለቀ መሰለው። አላለቀም፤ የከተማው የድምፅ ደንብ በማጉያ የሚወጣን ድምፅ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈቅደው።

ይህንን ከከተማዋ ሰማይ ጋር እናስተያየው። ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ናት። በበጋቸው፣ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ ዒሻ የሚገባው 5 ሰዓት ገደማ ነው። ሱብሒ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ። በክረምታቸው ሌሊቱ ቢረዝምም ሱብሒ ከ1 ሰዓት በፊት መግባቱ አይቀርም። እንግዲህ «አዛን ተፈቅዷል» በተባለበት ከተማ የሱብሒ አዛን ዓመቱን ሙሉ፣ የዒሻ አዛን ደግሞ በበጋ የተከለከለ ነበር ማለት ነው። የክልከላው ምክንያት ሃይማኖት አልነበረም፤ ለጫጫታ ተብሎ የተጻፈ አንድ የሰዓት ገደብ ነው። በዚህ ላይ «ጠላት አለብን» እያለ የሚጮህ ሰው ዓመት ቢጮህ ምንም አያመጣም፤ የሚያስፈልገው ደንቡን አውጥቶ፣ አንቀጹን ፈልጎ፣ «ይህቺ መስመር ትለወጥ» የሚል ሰው ነው።

ያ ሰው ተገኘ። በሚያዝያ 2023፣ ረመዷን ሊያልቅ ሲል፣ ምክር ቤቱ ሰዓቱን አሻሽሎ አምስቱም አዛን እንዲሰማ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይም ፈረሙበት። ከ13ቱ አባላት ሙስሊሞቹ ሦስት ነበሩ፦ አቶ ጀማል ዑስማን፣ አቶ ጄረማያ ኤሊሰን እና ወይዘሮ ዓኢሻ ቹግታይ። ሦስት ሰው ብቻውን ምንም አያሳልፍም። የክርስቲያንና የአይሁድ የሃይማኖት መሪዎች ሐሳቡን ደግፈው ነበር። የሦስቱ ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ሱብሒ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ባይኖር ያቺን የሰዓት ገደብ እንደ ችግር የሚያያት አይገኝም ነበር።

ይህ የመዝገቡ ደማቅ ገጽ ነው። ሌላው ገጽ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሲሆን፣ እኛ ከሁሉም በላይ ያነጋገረን እሱ ነው።

በ2021 የከተማዋ መራጮች ምክር ቤቱ የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ደንብ ማዘጋጀት እንዲችል በሕዝበ ውሳኔ ፈቅደው ነበር። ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም፤ አገራችንም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አውጥታለች፤ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ግን ነገሩ ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ለድምፅ የቀረበው ሰኔ 28 ቀን 2023 ነው። ቀኑ ዒድ አል አድሓ ነበር። ሦስቱ ሙስሊም አባላት ዒድ ላይ ስለነበሩ አልተገኙም። ድምፅ ተሰጠ፤ ሐሳቡ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ውድቅ ተደረገ። ሦስቱም ከሐሳቡ ደጋፊዎች ወገን ነበሩ። ተገኝተው ቢሆን ኖሮ 7 ለ 5 ይሆን እንደነበር አንድ ሕፃን ሊደምረው ይችላል።

ይህን ስናነብ ሁላችንም መጀመሪያ የተሰማን ንዴት ነው። በዒዳችን ቀን! ነገር ግን ቀዝቀዝ ብለን እናስብበት። ሐሳቡ ያን ቀን ቢያልፍ እንኳ ከንቲባው የኪራይ ገደብን እንደሚቃወሙ የታወቀ ስለነበር፣ መንገዱ ረጅም ነበር። ስለዚህ «ዒድ ባይሆን ኖሮ የኪራይ ደንብ ይኖር ነበር» ማለት ማጋነን ነው። ግን በዒድ ቀን ድምፅ የሰጡት ባልደረቦች አያስወቅሳቸውም ማለትም አይደለም። በገና ቀን ድምፅ እንስጥ ቢባሉ እሺ አይሉም ነበር። ዒድ አል ፊጥር ቢሆን እንኳ «ጨረቃዋ ስላልታወቀች ነው» ይባላል፤ ዒድ አል አድሓ ግን የዙል ሒጃ አሥረኛ ቀን ስለሆነ ቢያንስ ከዘጠኝ ቀን በፊት ይታወቃል። አጀንዳን አንድ ሳምንት ማሸጋገር የሚከብድ ነገር አይደለም።

ከእኛ መካከል አንዳንዱ «ከሶላት በኋላ ሄደው ድምፅ ቢሰጡስ?» ብሎ ጠይቋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኡድሒያና ዝምድና ያለበትን ቀን ለስብሰባ መተው ግዴታ አይደለም፤ ግን ከሺዎች የተሰጠ አማና በእጁ የያዘ ሰው ቀኑን ቀድሞ አይቶ፣ «በዚህ ቀን ድምፅ አይሰጥ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ማነጋገር የሥራው አካል ነው። የምክር ቤት አባል ዋና ሥራ ንግግር ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ሥራው የቀን መቁጠሪያና የራስ ቆጠራ ነው፤ ማን ይገኛል፣ ማን አይገኝም፣ ስንት ድምፅ አለን።

ይኸው የራስ ቆጠራ ነገር በሦስተኛው ጉዳይ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ኡበርና ሊፍት የሚያሽከረክሩት ሾፌሮች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ናቸው፤ የእኛዎቹም አሉበት። ቤንዚኑ፣ ጥገናውና ኢንሹራንሱ የራሳቸው ነው፤ ዋጋውን የሚተምነው ግን ኩባንያው ነው። ሾፌሮቹ ማኅበር መሥርተው ለግዛቱም ለከተማውም አቤት አሉ። በግዛት ደረጃ የወጣውን ሕግ አገረ ገዥው ቲም ዋልዝ በግንቦት 2023 ውድቅ አደረጉት። ከዚያ ነገሩ ወደ ከተማው መጣ፤ አቶ ጀማል ከወይዘሮ ሮቢን ዎንስሊና ከአቶ ጄሰን ቻቬዝ ጋር ሆነው ደንቡን አረቀቁ። ለሾፌሩ በማይል 1.40 ዶላር፣ በደቂቃ ደግሞ 51 ሳንቲም እንዲከፈል የሚል ነው።

በነሐሴ 2023 ምክር ቤቱ ደንቡን 7 ለ 5 አጸደቀው። ከንቲባው አልፈርምም አሉ፤ ቪቶ አደረጉት። የከንቲባን ቪቶ ለመሻር ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። የ13 ሁለት ሦስተኛ 8.67 ነው፤ ሰው በነጥብ ስለማይከፈል 9 ማለት ነው። የነበራቸው 7 ነው። ሁለት ሰው ጎደለ፣ ደንቡም ወደቀ።

ምርጫው የቀረው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር። በተለምዶ የምክር ቤቱ ዘመን አራት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከሕዝብ ቆጠራና ከወረዳ ድንበር ለውጥ ጋር ተያይዞ በ2021 እና በ2023 የተመረጡት ለሁለት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ በኅዳር 2023 አሥራ ሦስቱም ወንበር ለውድድር ቀረበ። አቶ ጀማልም «ድገሙኝ» ብለው ቀረቡ።

ውድድሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በድጋሚ ምርጫ ሰሞን የሰው መዝገብ ሁሉ ይገለጣል፤ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት የነበረውም ጭምር። አቶ ጀማል ከዓመታት በፊት በፌስቡክ ያወጧቸው አይሁዶችንና ሌሎች ሰዎችን የሚያንቋሽሹ ጽሑፎች ወጡባቸውና ይቅርታ ጠየቁ። ይህንን አንሸፋፍነውም። ስለ አዛን የሚያስደስተንን ዘርዝረን ስለዚህ ዝም ብንል እኛም የምርጫ ቅስቀሳ እንጂ ማብራሪያ አልጻፍንም ማለት ነው። ለአዛኑ ድጋፍ ከሰጡት የሃይማኖት መሪዎች መካከል የአይሁድ መሪዎችም እንደነበሩ ከላይ ጽፈናል፤ ከዚያ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ስልካችን ላይ ዛሬ በንዴት የምንጽፈው ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ ጀመዓውን ሁሉ ሊያስጠይቅ እንደሚችልም እያሰብን።

መራጩ ሁሉንም አይቶ ወንበሩን መለሰላቸው። ለሾፌሮቹ ግን ከእሳቸው መመለስ ይልቅ የጠቀማቸው የሌሎቹ ወንበሮች መለወጥ ነው። በጥር 2024 ሥራ የጀመረው ምክር ቤት ከቀድሞው የተለየ ነበር። በመጋቢት ደንቡ እንደገና ቀርቦ 9 ለ 4 አለፈ፤ ከንቲባው እንደገና ቪቶ አደረጉ፤ መጋቢት 14፣ ረመዷን በገባ በጥቂት ቀኑ፣ ምክር ቤቱ ቪቶውን 10 ለ 3 ሻረው። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ 7 የነበረው 10 ሆነ። የአንድ ወረዳ ሰው «የእኔ ተወካይ ደንቡን ይደግፋል፣ እኔ ጨርሻለሁ» ብሎ ቢተኛ ኖሮ 7 እንደ 7 ይቀር ነበር። ሥራው በሌሎቹ ወረዳዎች ውስጥ ነበር።

ታሪኩ በድል ቢያልቅ ለመጻፍ ይመቸን ነበር፤ ግን አላለቀም። ኡበርና ሊፍት ከከተማዋ እንወጣለን አሉ። ያሳሰባቸው ኩባንያዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ መኪና የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ምን ሊሆኑ ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በዚያው መጋቢት የግዛቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ያወጣው ጥናት ደግሞ በማይል 89 ሳንቲም፣ በደቂቃ 49 ሳንቲም ቢከፈል ሾፌሩ የከተማዋን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ያህል ያገኛል አለ። ምክር ቤቱ የደንቡን መጀመሪያ ቀን ወደ ሐምሌ ገፋው። በግንቦት ግዛቱ ጣልቃ ገብቶ የራሱን ሕግ አወጣ፤ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። ከተሞች በዚህ ጉዳይ የራሳቸውን ዋጋ እንዳይወስኑም ዘጋ። በዚህ የከተማው ደንብ ተግባር ላይ ሳይውል ቀረ።

ሦስቱን በአንድ ጉዞ ብናሰላው ነገሩ ይጠራል። 10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር ገደማ) በ20 ደቂቃ የሄደ ሾፌር በከተማው ደንብ 14 ዶላር ለመንገዱ፣ 10.20 ለጊዜው፣ በድምሩ 24.20 ዶላር ያገኝ ነበር። በጥናቱ 8.90 ሲደመር 9.80፣ ማለትም 18.70። በግዛቱ ሕግ 12.80 ሲደመር 6.20፣ ማለትም 19 ዶላር። አሁን እንፍረድ። «ምክር ቤቱ ተሸነፈ» የሚል አለ፤ 24.20 ጠይቆ 19 ነው ያገኘው። «ከንቲባው ትክክል ነበሩ» የሚልም አለ፤ ጥናቱን ጠብቁ ሲሉ ነበርና፣ ጥናቱም ከከተማው ደንብ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው ያወጣው። እኛ ወደ ሦስተኛው እናደላለን፤ 10 ለ 3 ያለው ድምፅ ባይኖር ከአንድ ዓመት በፊት ሕጉን ውድቅ ያደረገው ግዛት ተመልሶ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም። ደግሞም ሕጉ መንገድ ላይ ለተጨናነቀ ሾፌር ስስታም ነው። ማይሉን በደንብ ይከፍላል፣ ደቂቃውን ግን ከጥናቱም በታች አድርጎታል፤ ከተማ ውስጥ በትራፊክ ተይዞ የሚውል ሰው የሚኖረው በደቂቃው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት የሄደ ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ያምነናል።

ከእኛ ስንቶቻችን የወረዳችንን ምክር ቤት ተወካይ ስም እናውቃለን? ጀመዓው ውስጥ ጥቂት ሰዎችን ጠይቀን ስም የጠራልን አላገኘንም፤ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ግን ሁሉም አስተያየት ነበረው። ቆሻሻ መቼ እንደሚነሣ፣ መንገዱ መቼ እንደሚቆፈር፣ ለመስጂድና ለመቃብር ቦታ ማን ዘንድ እንደሚጠየቅ የሚወሰነው ግን እዚያው ቅርብ ባለው ወንበር ነው። የአገሮቹ ሥርዓት ይለያያል፤ የሚኒያፖሊስ ምክር ቤትም ቢሆን ሁሉን ቻይ አይደለም። በ2021 ሕዝቡ ባጸደቀው ለውጥ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች የመምራት ሥልጣን ወደ ከንቲባው ተጠቃሏል፤ ለምክር ቤቱ ደንብ ማውጣት፣ በጀትና ቁጥጥር ቀርቶታል። ለድጋሚ የሚወዳደር ሰው «መንገዱን አስጠገንኩ» ሲል፣ ያንን ማስጠገን የእሱ ሥልጣን ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የማይመለከተውን ነው ቃል የሚገባው።

በመድረሳ ሙሐሰባ ስንማር ነፍሳችንን ማታ ማታ እንድንመረምር ነው የተነገረን፦ ምን ሠራሁ፣ ምን ተውኩ። በሰው መዝገብ ላይ ስንመጣ ግን አብዛኞቻችን «የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ብለን እንጨርሳለን። በአቶ ጀማል መዝገብ ላይ ሙስሊም መሆናቸው ለሱብሒ አዛን ጠቀመ፤ በኪራዩ ቀን ግን ወንበሩ ባዶ ነበር፤ በሾፌሮቹ ጉዳይ ደግሞ ወሳኙ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። መራጩ ይህንን ሁሉ ከነምክንያቱ ሊያገኘው ይችላል፤ የእያንዳንዱ ስብሰባ ድምፅ በስም ይመዘገባልና፣ ማን አዎ፣ ማን አይደለም፣ ማን እንዳልተገኘ ጭምር።

በኅዳር 2025 የሚኒያፖሊስ አሥራ ሦስቱ ወንበሮች እንደገና ለውድድር ቀርበው ነበር፤ በዚህኛው ዙር የተመረጠ ሰው የሚቀመጠው ለሁለት ሳይሆን ለሙሉ አራት ዓመት ነው። በስድስተኛው ወረዳ የምርጫ ወረቀት ላይ የአቶ ጀማል ስም ነበረበት።